የስልካችን መልእክት በማን እጅ ያልፋል?



ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ስለ ቢቱአሕ ሌኡሚ፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ግን አዲስ ገቢ ቤተሰቦች በመርካዝ ክሊታ ቢሮም ሆነ ከኡልፓን ሲወጡ ደጋግመው የሚጠይቁንን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። ይኸውም «በስልክ የምንላላከውን ማን ያየዋል?» የሚል ነው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ በስልኩ የሚልከውንና የሚቀበለውን ብንቆጥር የቴኡዳት ዜሁት ፎቶግራፍ፣ የሐኪም ምርመራ ውጤት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቀርቶ ተራውን የሚጠባበቅ ዘመድ የላከው ሰነድ፣ አልፎ ተርፎም በባልና በሚስት መካከል የተነሣ ቅሬታ ይገኝበታል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲላክ የሚታመን ሰው ይፈለግ ነበር። ደብዳቤው ይታሸግና «አደራ!» ተብሎ ለመንገደኛ ይሰጣል። መንገደኛው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ይታወቃል። የዛሬውን መንገደኛ ግን አናውቀውም። ስለዚህ ማን እንደሆነ፣ ምን ማየት እንደሚችልና ምን ማየት እንደማይችል ጥቂት መረዳት ይጠቅመናል።

ለማስረዳት የመረጥነው ሲግናል የተባለውን የመልእክት አገልግሎት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት የውስጥ አሠራሩ ለሕዝብ የተገለጸ ስለሆነ ነው እንጂ የግድ እርሱን ተጠቀሙ ለማለት አይደለም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሻራት ምንድን ነው?

ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ የምንልከው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አይሄድም። በመካከል ሌት ተቀን የሚሠራ ኮምፒዩተር አለ። ይህ ኮምፒዩተርና በላዩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም በዕብራይስጥ ሻራት፣ በእንግሊዝኛ ሰርቨር ይባላል። ትርጉሙም አገልጋይ ማለት ነው። የሲግናል ሻራት ዋና ዋና ሥራዎች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ወደ ስልክ ቁጥሩ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ እንዲላክለት ያደርጋል። ሰውዬው ኮዱን መልሶ ሲያስገባ፣ ቁጥሩ በእውነት የእርሱ መሆኑን ተቀብሎ ይመዘግበዋል። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ስልኩን ቢያጠፋ ወይም ኢንተርኔት ቢያጣ መልእክቱን ይዞለት ይቆያል፤ ካደረሰ በኋላም ከራሱ ላይ ይሰርዘዋል። ሦስተኛ፣ የተኛውን ስልክ «መልእክት መጥቶልሃል» ብሎ የሚቀሰቅስ ምልክት ያስተላልፋል። አራተኛ፣ ሁለት ሰዎች መጻጻፍ ሲጀምሩ የመቆለፊያ ቁልፎቻቸውን ያቀባብላቸዋል። ይህ አራተኛው ሥራ ቁም ነገሩ ያለበት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

ክፍት ጓጉንቸር

እናንተ ብዙ ጓጉንቸሮች አሏችሁ እንበል። ሁሉንም ከፍታችሁ ለሻራቱ ትሰጣላችሁ፤ መክፈቻውን ግን ኪሳችሁ ውስጥ ታስቀራላችሁ። ዘመዳችሁ ሊጽፍላችሁ ሲፈልግ ከሻራቱ አንዱን ጓጉንቸር ይወስዳል፤ ደብዳቤውን በሣጥን አድርጎ በእናንተ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ማንም ቢሸከመው፣ ሻራቱም ቢሆን፣ ሊከፍተው አይችልም። መክፈቻው ያለው በእናንተ ስልክ ላይ ብቻ ነውና። ሲግናል ይህን የሚያደርገው በሒሳብ ቀመር ሲሆን፣ ቁልፉንም ለእያንዳንዱ መልእክት ይለዋውጠዋል። አንዱ ቁልፍ በሌባ እጅ ቢገባ እንኳ የቀደሙት መልእክቶች አይከፈቱበትም። በዕብራይስጥ ሃጽፓና የሚሉት ይህንን የመቆለፍ ሥራ ነው።

«ሻራቱ ራሱ አታልሎ የእናንተን ጓጉንቸር ነው ብሎ የራሱን ቢሰጠውስ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ሰው ይኖራል። ለዚህም ሲባል በሲግናል ውስጥ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ስንጻጻፍ 60 አኃዞች ያሉት የደኅንነት ቁጥር አለ። ሁለቱ ሰዎች በአካል ሲገናኙ የሁለቱን ስልክ ቁጥሮች ቢያስተያዩና አንድ ዓይነት ሆነው ቢያገኙ በመካከላቸው ሌላ ሰው እንዳልገባ ያውቃሉ።

ኩሽናው ክፍት ሲሆን

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ከየት አወቅነው? ድርጅቱ ስለተናገረ ብቻ አይደለም። የስልኩም ሆነ የሻራቱ ፕሮግራም የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ማለትም ኮዱ፣ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ታትሟል። ይህ በዕብራይስጥ ኮድ ፓቱዋሕ፣ በአማርኛ ክፍት ምንጭ ይባላል። የሻራቱ ኮድ በአብዛኛው የተጻፈው ጃቫ በተባለ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። ፈቃዱም ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ እንዲጠቀምና እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የለወጠውን ለሕዝብ አገልግሎት ካዋለው ለውጡን ለተጠቃሚዎቹ እንዲያሳይ ያስገድደዋል።

ለእኛ ይህ ምን ይጠቅመናል? ኮዱን ራሳችን አናነብም፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም አናነበውም። ነገር ግን በዚህ አገር አንድ ምግብ ቤት «ምግቤ ካሽር ነው» ስላለ ብቻ እንደማይታመን እናውቃለን። ማሽጊያሕ ኩሽናው ገብቶ ያያል። ተመጋቢው ራሱ ኩሽና ባይገባም፣ መግባት የሚችል ሰው መኖሩና የገባውም ጉድለት ቢያይ ዝም እንደማይል ማወቁ ነው የሚያረጋጋው። ክፍት ኮድም እንዲሁ ነው። በየአገሩ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ባለሙያዎች የሲግናልን የአቆላለፍ ዘዴ መርምረውታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። የታተመው ኮድና ዛሬ በሻራቱ ላይ የሚሠራው ኮድ አንድ መሆናቸውን ከውጭ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ አይቻልም። በእርግጥም ከአፕሪል 2020 እስከ አፕሪል 2021 ድረስ፣ ለአንድ ዓመት ያህል፣ የሻራቱ አዲስ ኮድ ሳይታተም ቆይቶ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ታዲያ በዚያ ዓመት መልእክቶች ተነበቡ ማለት ነው? አይደለም። ምክንያቱም ቆላፊው ሻራቱ ሳይሆን ስልኩ ነው፤ የስልኩ ኮድም መታተሙን አላቋረጠም። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ አገልጋዩን ሙሉ በሙሉ ሳናምነው እንድንጠቀምበት ተደርጎ የተሠራ ነው።

ሞኝና ወረቀት

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ኮምፒዩተርም ከወረቀት የባሰ ነው። የያዘውን ለዓመታት ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ለማይገባ ሰው ያሳያል። መፍትሔው መጀመሪያውኑ እንዲይዝ አለማድረግ ነው።

ይህም በተግባር ታይቷል። በ2016 በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት የፌዴራል የምርመራ ጉባኤ፣ ያኔ ሲግናልን ያዘጋጅ የነበረው ኦፕን ዊስፐር ሲስተምስ ስለ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ያለውን መረጃ እንዲያስረክብ በሕግ አዘዘው። ከሁለቱ ቁጥሮች በሲግናል ተመዝግቦ የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር። ድርጅቱም ትእዛዙን አክብሮ ያለውን አስረከበ። ያስረከበውም ባለቁጥሩ የተመዘገበበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ ከሻራቱ ጋር የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነው። ለማን እንደጻፈ፣ ምን እንደጻፈ፣ በየትኞቹ ቡድኖች ውስጥ እንዳለ አላስረከበም፤ ስላልያዘው። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በብዙ መልእክቶች ላይ የላኪው ማንነት ከፖስታው ውጭ እንዳይታይ ተደርጓል።

ሲግናልን አሁን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። በ2018 ያቋቋሙት ሞክሲ ማርሊንስፓይክና የዋትስአፕ መሥራች ከነበሩት አንዱ ብራያን አክተን ሲሆኑ፣ አክተን ለመነሻ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። ማስታወቂያ አይሸጥም፤ ከተጠቃሚዎች በሚሰበሰብ መዋጮም ይረዳል። በ2023 ድርጅቱ ባወጣው ሒሳብ ለኮምፒዩተርና ለመገናኛ ብቻ በዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ወጪ፣ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር የሚሆነው፣ ያንን ስድስት አኃዝ ያለውን የምዝገባ ኮድ በኤስ ኤም ኤስ ለመላክ የሚከፈል ነው። ይህን ኮድ ልብ በሉ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ዋትስአፕና ቴሌግራምስ?

በዚህ አገር የጋኑም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የሕንፃው ቫአድም ቡድን በዋትስአፕ ስለሆነ ከእርሱ መውጣት ለብዙዎቻችን አይቻልም። ዋትስአፕ ከአፕሪል 2016 ጀምሮ መልእክቶችን የሚቆልፈው በሲግናል የአቆላለፍ ዘዴ ነው። ልዩነቱ የዋትስአፕ ሻራት ኮድ አለመታተሙና ባለቤቱ ሜታ የተባለው የንግድ ድርጅት መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር ብዙ የምንጠቀምበት ቴሌግራም ግን የተለየ ነው። በቴሌግራም የተለመደው ጽሑፍና የቡድን ጽሑፍ በዚህ ዓይነት አይቆለፍም፤ ሻራቱ ላይ ይቀመጣል፤ የድርጅቱም እጅ ሊደርስበት ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «የምስጢር ውይይት» የተባለውን መርጠን በሁለት ሰዎች መካከል ስንጻጻፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የቴኡዳት ዜሁትን ፎቶ ወይም የሐኪም ወረቀት በቴሌግራም ቡድን ውስጥ መላክ አይገባም።

መቆለፊያውን ሳይሰብር የሚገባ ሌባ

በሥራችን ካጋጠሙን ጉዳዮች አንዱን እንጥቀስ። ስሟን የማንገልጸው አንዲት እናት ዕብራይስጥ ገና በመማር ላይ ነች። አንድ ቀን አንድ ሰው በጥሩ አማርኛ፣ «እናቴ» እያለ ደወለላት። ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጥ እርዳታ ስሟ እንደወጣ ነገራትና «አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። ከቁጥሩ አጠገብ «ይህን ለማንም አትስጡ» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ግን በዕብራይስጥ ስለሆነ አላነበበችውም። ቁጥሩን ነገረችው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የመልእክት አገልግሎቷ በስልኳ ላይ ተዘጋ፤ በሌባው ስልክ ላይ ተከፈተ። በስሟም ለዘመዶቿ «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። አንዲት እኅቷ አምና ላከች።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀመሩን የሰበረ የለም። ሌባው በሩን አንኳኳ፣ ተከፈተለት። እናቲቱን ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳት ኀፍረቱ ነው። ለሁለት ቀን ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሌባው መጻፉን ቀጠለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው እንዳያፍር፣ በዚያው ሰዓት እንዲናገር አጥብቀን እናሳስባለን።

ትልልቆችም ይህ ደርሶባቸዋል። በኦገስት 2022 ለሲግናል የምዝገባውን ኮድ በኤስ ኤም ኤስ ይልክ የነበረው ትዊልዮ የተባለ ድርጅት ተደፍሮ፣ የ1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ቁጥር ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። የቀድሞ መልእክቶቻቸው ግን አልተነኩም፤ የተቀመጡት በሻራቱ ሳይሆን በየስልካቸው ላይ ነበርና። ለዚህ ዓይነቱ ጥቃት መከላከያው በሲግናል የምዝገባ መቆለፊያ፣ በዋትስአፕ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው ነው። ይኸውም ከሚላክልን ኮድ በተጨማሪ ራሳችን የመረጥነውን የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው በር ተያያዥ መሣሪያ የሚባለው ነው። አንድ ባርኮድ በስልካችን ካነሣን ሌላ ኮምፒዩተር ከእኛ አካውንት ጋር ሊያያዝና መልእክታችንን ሊቀበል ይችላል። በፌብሩዋሪ 2025 የጎግል ባለሙያዎች፣ ከሩስያ ጋር የተያያዙ ሰላዮች የሲግናልን መልእክት ለማየት ሰዎችን እንዲህ ያለ ባርኮድ እንደሚያስነሡ አስታውቀዋል።

ሦስተኛው በር አስመሳይ አፕ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ የሚመስለውን ሊሠራ ይችላል። እዚሁ እስራኤል የተመሠረተው ቴሌመሴጅ የተባለ ድርጅት የሲግናልን ኮድ ወስዶ መልእክቶችን ለመዝገብ የሚያስቀር ሌላ አፕ ሠርቶ ነበር፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ይጠቀሙበት ነበር። በሜይ 2025 ሰርጎ ገቦች ገብተው ከተከማቸው ውስጥ ወሰዱ፤ አገልግሎቱም ታገደ። የሲግናል ሻራት ያልያዘውን ያ ሻራት ይዞ ነበርና።

በቤታችን ውስጥ

ደብዳቤው ታሽጎ ቢመጣም ቤት ሲደርስ ይከፈታል። በብዙ ቤተሰቦቻችን ስልኩን የሚያነበውና የሚጽፈው ልጅ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የሐኪም ውጤት፣ የአባቱን የዕዳ ማስታወቂያ ተርጓሚ ሲሆን እናያለን። ይህ ልጁንም ወላጁንም ይጎዳል። እንዲህ ያለው መልእክት ሲመጣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለኩፓት ሖሊም አስተርጓሚ ማሳየት ይሻላል።

የትዳር ጓደኛን ስልክ በምስጢር ከሌላ መሣሪያ ጋር አያይዞ መልእክት የሚከታተል ሰውም ያጋጥመናል። ይህ ፍቅርም ጥበቃም አይደለም። የሚደረግባት ሴት ወይም የሚደረግበት ሰው የተያያዙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ተመልክቶ የማያውቀውን መለየት ይችላል። ሆኖም በቤት ውስጥ የሚያሰጋ ነገር ካለ መሣሪያውን ከማስወጣት በፊት ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር መማከር ይገባል፤ ያያያዘው ሰው ሲያውቅ ሊቆጣ ይችላልና።

ቁልፉ ማንን እንደምንጋብዝም አያውቅም። በማርች 2025 ከፍተኛ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ስለ ጦርነት በሲግናል ሲማከሩ አንድ ጋዜጠኛን በስሕተት በቡድኑ ውስጥ አስገብተው ነበር። ሲግናል ሥራውን በትክክል ሠራ፤ የተቆለፈውን መልእክት ለተጋበዘው ሰው ሁሉ አደረሰ።

እንድታደርጉ የምንመክራችሁ

1. ስድስት አኃዝ ያለውን ኮድ ለማንም አትንገሩ። ከቢቱአሕ ሌኡሚ፣ ከባንክ ወይም ከመርካዝ ክሊታ ነኝ ቢልም፣ አማርኛ ቢናገርም አትንገሩ።

2. በዋትስአፕም በሲግናልም የምስጢር ቁጥር አስገቡ። ቁጥሩንም የልደት ዓመት አታድርጉት።

3. በወር አንድ ጊዜ የተያያዙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ተመልከቱ። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን ባርኮድ በስልካችሁ አታንሡ።

4. አፕ የምታስገቡት ከስልኩ መደብር ብቻ ይሁን፤ በመልእክት ከተላከላችሁ አድራሻ አታስገቡ።

5. ዘመድ በጽሑፍ ገንዘብ ከጠየቃችሁ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

6. የዘመዶቻችሁን ስልክ ቁጥር በወረቀትም ጻፉ። በኦክቶበር 20 ቀን 2025 ሲግናል የሚከራያቸው የአማዞን ኮምፒዩተሮች ሲበላሹ አገልግሎቱ ለሰዓታት ታውኮ ነበር። በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ የትኛውም ቁልፍ አልጠቀመም።

7. አካውንታችሁ ከተወሰደባችሁ ለዘመዶቻችሁ በስልክ ደውላችሁ አስታውቁና ወደ 119፣ የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት፣ ደውሉ። ልጅ በኢንተርኔት ከተጎዳ 105፣ ለፖሊስ 100፣ ለማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት 118 ነው።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። በደንብ የተሠራ ሻራት የምንጽፈውን አያይም፤ ኮዱ ክፍት ከሆነም ይህን የሚመሰክሩ ብዙ ዓይኖች አሉ። የቀረው አደራ በላኪውና በተቀባዩ እጅ ነው። ይህን ገጽ ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ ተራ ቁጥር 1ን በቃል ንገሩልን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።